ከአፉ እስኪወጣ

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

ዳይሬክተሯ ዛሬ የእንግሊዝኛ ክፍሌ ገብታ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ተማሪዎቼ ሥራ ውለው የሚመጡ አዋቂዎች ናቸው፤ ተቆጣጣሪ ሲያዩ ግን ከልጅ ብሰው ይደነግጣሉ። እኔ አልደነገጥኩም። እሷ ራሷ የእኔ ተማሪ ነበረች። እሷ ፊደል ሳትቆጥር እኔ ጠመኔ ይዤ ነበር።

ክፍሉ ሲያልቅ ቢሮዋ ጠራችኝ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ብነግርሽ አትቀየሚኝም?»

«አትቀየሚኝም ብሎ የሚጀምር ሰው የሚያስቀይም ነገር ይዟል» አልኳት።

ሳቀች። «ጥያቄ ትጠይቂያለሽ፤ ጥያቄሽ ቆንጆ ነው። ከዚያ ግን ራስሽ ትመልሺዋለሽ። እነሱ አፋቸውን እስኪከፍቱ አንቺ ጨርሰሻል።»

አዲሱን የመምህራን መምሪያ ሰጠችኝ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ግስ አለ፤ ኢሊሲት። ቃሉን ኢሊሲት አድርጊ፣ ምሳሌ ኢሊሲት አድርጊ፣ ትርጉሙን ኢሊሲት አድርጊ። ባጭሩ አትንገሪያቸው፣ ከእነሱ አፍ ይውጣ ነው ነገሩ። በቀጠሮ ድጋሚ መጥታ እንደምታየኝ ነገረችኝ። እሺ አልኩ።

ቤት ስገባ አባዬ መብራት አብርቶ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። «ራትህን በላህ? በላህ አይደል? ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር እንዴ? ቀዝቅዞ ነበር» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ሰኔ 12፣ ዓርብ

አባዬን የንግግር ባለሙያዋ ጋ ወሰድኩት። ስትሮክ ከመታው ወዲህ እግሩ ተሽሎታል፤ በከዘራ ይሄዳል። ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ቀልድ ሲያገኝ ይስቃል። ቃሉ ነው መንገድ ላይ የሚቀርበት። ዕድሜውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቶ፣ ከመሪው ሳይነሳ የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ሲያበሽቅ የኖረ ሰው ነው። አሁን ቃል ሲፈልግ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ማርሽ እንደሚያስገባ ሰው ወዲህ ወዲያ ይላል። አንዳንዴ ማርሹ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ አይገባም።

ባለሙያዋ ወጣት ናት። እስክሪብቶ አንስታ «አባባ፣ ይሄ ምንድነው?» አለችው።

«የ... እ...»

«እስክሪብቶ» አልኩ እኔ።

ዞራ አየችኝ። ቁልፍ አነሳች። ቁልፍ መሆኑን የተናገረው ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም።

«እህቴ» አለች፣ «ፈተናው የእሳቸው ነው።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ዘዴዋን አስረዳችኝ። ሁሉን ነገር አያሟሉላቸው አለች። ሻይ ያለ ስኳር ይቅረብላቸው። አንድ እግር ጫማ ብቻ ይቀበሉ። የጎደለውን ለመጠየቅ ምክንያት ይኑራቸው፤ እርስዎ ደግሞ ዝም ብለው ይጠብቁ። ስንወጣ መምህር መሆኔን ነገርኳት። «ገብቶኛል» አለች። ምን እንደገባት አልጠየቅኩም።

ሰኔ 13

አንድ እግር ጫማ ሰጠሁት። ጫማውን አየ፣ እኔን አየ። እጁ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሌላውንም ሰጠሁት። ዝናብ ሳይመጣ ገበያ መድረስ ነበረብኝ።

ሰኔ 16፣ ማክሰኞ

ታክሲ ነጂው ተማሪዬ ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋውን መምሪያ ገልብጦ አንብቦ ኖሯል። «ቲቸር፣ ይሄ ኢሊሲት የሚሉት ምንድነው?» አለኝ። ከምንም ነገር በላይ የሰው መጽሐፍ ማየት ይወዳል።

ትርጉሙን ልነግረው አፌን ከፈትኩና መምሪያው ትዝ አለኝ። ዘጋሁት። «እናንተ ምን ትሉታላችሁ? አንድ ሰው ጠይቆ፣ ቀልዶ ወይም ፈገግ ብሎ ከሌላው ሰው መልስ ወይም ስሜት ሲያገኝ?» አልኩ።

«ማውጣጣት» አለች ነርሷ።

«እሱማ ፖሊስ የሚያደርገው ነው!» አለ ታክሲ ነጂው፤ ክፍሉ ሳቀ። የሱቅ ጠባቂው መቀስቀስ አለ። መጫር ያለም ነበር፤ መቆስቆስ ያለም ነበር። ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጻፍኳቸውና ወደ ኋላ ብዬ አየኋቸው። ከሰው መልስ ለማግኘት ያሉን ቃላት ግማሾቹ እሳት እሳት ይሸታሉ፤ የቀሩት ጣቢያ ጣቢያ። የእንግሊዝኛው ሁለቱንም አይሸትም። ሰውን አታስጨንቅም፣ አትነካካም፤ የምታደርገውን ታደርጋለህ፣ መልሱ ከሰውየው ይመጣል። አጠቃቀሙም እንደዚያው ነው አልኳቸው። ሰውን ኢሊሲት አናደርግም፤ ከሰው ላይ ሳቅን፣ ሐዘኔታን፣ መልስን ነው። ወረቀቱን ከመሳቢያ ብናወጣው ኢሊሲት አይባልም፤ መሳቢያ ምላሽ የለውም።

ነርሷ እጇን አወጣች። «በሽተኛውን ‹እዚህ ጋ ያምዎታል አይደል?› ስለው ‹አዎ› ካለኝ ኢሊሲት አደረግሁ ይባላል?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። «አይባልም» አልኳት። «አንቺ ያስቀመጥሽውን አንቺው ነሽ ያነሳሽው። መልሱ አስቀድሞ እሱ ውስጥ የነበረ መሆን አለበት።»

ሁሉም ጻፉት። እኔም ስለወደድኩት እዚህ ጻፍኩት።

ሰኔ 21፣ እሑድ

ወንድሜ ሁልጊዜ እሑድ ይደውላል። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ በአባዬና በእኔ መሃል አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«እ... እ...»

«ደህና ነኝ እያለህ ነው» አልኩ።

«እሱን ነው እኮ የጠየቅኩት።»

«ታዲያ እሱ ነው የመለሰልህ፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ።»

ከዚያ ያጠራቀመውን አወረደው። አባዬን ወደ እነሱ ከተማ ለመውሰድ ከሚስቱ ጋር ተማክረዋል። ክፍል አላቸው። ልጆቹ ቤት ውስጥ ናቸው፣ ሚስቱም የምትሠራው ቤቷ ሆና ነው። እኔ ከሰዓት በኋላ ወጥቼ የምመለሰው ከመሸ ነው፤ ያን ሁሉ ሰዓት አባዬ ከግድግዳ ጋር ነው የሚያወራው።

«ሐኪሙ እዚህ ነው» አልኩ።

«እዚህም ሐኪም አለ፤ ጫካ ውስጥ አይደለንም።» ቀጠለ። «አልጣላሽም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ፤ ራሱን እጠይቀዋለሁ። እሱ ያለው ይሆናል፤ እኔም አንቺም አንከራከርም።»

«የሚፈልገው እዚህ መሆን ነው።»

«ነገረሽ?»

«መንገር አያስፈልገውም። አውቀዋለሁ።»

አባዬ ይህ ሁሉ ሲባል መስኮቱን እያየ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እጁ ጉልበቱ ላይ ተንቀሳቀሰች። ሻይ አፈላሁለት። ስኳሩን አልረሳሁም።

ሰኔ 24

ክፍል ውስጥ ጠይቄ ጠበቅኩ። ጸጥታው እንዴት ያለ ነው! ሰው ጠመኔ ሲያንከባልል ይሰማል። ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። በመጨረሻ የሱቅ ጠባቂው መለሰ። ስህተት ነበር፤ ግን የራሱ ነበር፣ ሌሎቹም ተረባርበው አቃኑት። ዝም አይነቅዝም የሚሉት እውነት ነው። አባዬ ተኝቶ ደረስኩ።

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ

የወንድሜ ሚስት ለሥራ ጉዳይ መጣች፤ ትንሿን ልጃቸውን ይዛ። ልጅቷን ሁላችንም ሚጢጢ ነው የምንላት፤ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ከትናንት ጀምሮ አያቷ ጭን ላይ ነች።

እኔና እናቷ ወጥ ቤት ሆነን እነሱ ሳሎን ነበሩ። ሚጢጢ የሥዕል መጽሐፏን ዘርግታ ጣቷን ድመቱ ላይ አድርጋለች።

«ይሄ ምንድነው አባባ?»

«ጫማ» አለ አባዬ።

ልጅቷ ሳቀች። ሳቀች ስል ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች። አባዬም ሳቀ፤ ያ የድሮው የአውቶቡስ ሳቁ ነው፣ ግድግዳ የሚነቀንቀው። እኔ ብሆን ኖሮ ጫማ አይደለም ብዬ ድመት እለው ነበር። እሷ ግን ብስኩቷን አንስታ መብላት ጀመረች። አንዱን ጨርሳ ሌላ አነሳች። የአባዬ እጅ ወዲህ ወዲያ ሲል ታያለች፤ አትቸኩልም፣ የሚጠራት የለ።

«ድ... ድመት።»

«እህ» አለችና ገጹን ገለበጠች። ጎበዝ እንኳ አላለችውም።

ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከንፈሬ ድመት ብሎ እንደጨረሰ ያወቅኩት ከእሱ በኋላ ነው። ድምፅ ግን አላወጣሁም።

«ከእሷ ጋር ሲሆን አፉ ይፈታል እኮ» አለች የወንድሜ ሚስት ከኋላዬ።

«ከሕፃን ጋር የማያወራ ማን አለ?» አልኳት።

ደህና ሰው ናት። ምን አድርጋኝ ነው እንደዚያ የመለስኩላት?

ሐምሌ 6፣ ሰኞ

ሄዱ። አባዬ እስኪመሽ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ብርድ ይመታሃል ብዬ አስገባሁት። ደክሞት ይመስለኛል።

ሐምሌ 10፣ ዓርብ

ባለሙያዋ ለዕለት ኑሮ የሚጠቅሙ ቃላት ላይ እንድንበረታ ነግራኛለች። ስለዚህ ከሚጠቅሙት ጀመርኩ። በካርቶን ላይ በትልቁ «እዚህ» ብዬ ጻፍኩ። ከቁርስ በፊት አንድ ዙር፣ ከክፍል ስመለስ አንድ ዙር።

«አባዬ፣ የት መኖር ነው የምትፈልገው?»

«እ...»

«እዚህ።»

«እዚ... ህ።»

«ጎበዝ!»

ብዙ ተማሪ አስተምሬያለሁ፤ ድግግሞሽ የማይገራው ምላስ የለም። የማስተምረው ቃሉን ብቻ ነው። ሐሳቡ የራሱ ነው።

ሐምሌ 15፣ ረቡዕ

ካለው ቃል ሁሉ ጥርት ብሎ የሚወጣው አሁን እዚህ የሚለው ነው። የት መኖር ትፈልጋለህ ስለው እዚህ ይላል። ጫማህ የት ነው ስለው እዚህ ይላል፤ ጫማው መኝታ ቤት ነው። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ሐምሌ 22፣ ረቡዕ

ባለሙያዋ ጋ። የት ያምዎታል አለችው፤ «እዚህ» አለ፣ ምንም ሳያሳይ። ልጅዎ የት ነው የሚኖረው አለችው፤ «እዚህ»። ትናንት የት ሄዱ፤ «እዚህ»።

«ይሄ ቃል ከየት መጣ?» አለችኝ።

«ከራሱ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ወደ እሱ ዞረች። «አባባ፣ አንድ ቃል ስትደጋገም ሌሎቹን መንገድ ትዘጋባቸዋለች። ትንሽ እናሳርፋት፣ እሺ?» አለችው። እሱን ነው ያናገረችው። ዝናብ ነበር። ታክሲ አጥተን ብዙ ቆምን። ካርቶኑን ልጥለው አስቤ ነበር፤ ወንድሜ እስኪመጣ ይቆይ ብዬ ተውኩት።

ሐምሌ 29፣ ረቡዕ

ዳይሬክተሯ በቀጠሮዋ መጣች። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፤ ባለፈው ሳምንት ሐሳባችሁን ያስቀየራችሁ ነገር ምንድነው? ከዚያ ተቀመጥኩ። ቆሜ ከጠበቅኩ እንደምናገር ስለማውቅ ነው የተቀመጥኩት። ታክሲ ነጂው ብዙ ተቁነጠነጠ። ኋላ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው አንድ አሮጌ ተሳፋሪውን ነገረን። ሰውየው ወዴት እንደሆነ ሲጠየቅ አልናገር ይለዋል፤ እሱም ተቆጥቶ ሊያወርደው ይላል። ኋላ ሲያየው ሰውየው መንተባተብ አለበት፤ የሰፈሩ ስም አልወጣ ብሎት ነው። «ሞተሩን አጠፋሁና ጠበቅኩት» አለ። «አጠፋሁ» የሚለውን ግስ በተሳሳተ ጊዜ ነው የተናገረው። ማንም አላረመውም። እኔም።

«አሁን ገባሽ» አለችኝ ዳይሬክተሯ ኮሪደር ላይ። ሌሎቹን መምህራን ሰብስቤ እንዴት እንደሚጠበቅ እንዳስተምራቸው ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ቤት ስደርስ አባዬ ወደ መስኮቱ እየጠቆመ አንድ ነገር ሊል ይታገላል። ውሃ ሰጠሁት። አይደለም። ካፖርቱን አመጣሁ። አይደለም። ሬዲዮ? መጋረጃው? በረደህ? አሞሃል? ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። እንዲህ አድርጎ አያውቅም፤ በዘመኑ ሁሉ ሰው የሚያስቆጣ እንጂ የሚቆጣ ሰው አልነበረም። ተነስቶ ገብቶ ተኛ።

ምን እንደፈለገ እስካሁን አላወቅኩም። ደክሞት ነው።

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ

ወንድሜ ስለ መምጣቱ እርግጡን ነገረኝ። የእንግዳ አልጋ አንሶላ ይታጠብ። የአባዬ መድኃኒት። የመምህራኑ ስብሰባ ሐሙስ ነው፤ ምን ልላቸው እንደሆነ አላዘጋጀሁም።

ነሐሴ 7

ስብሰባው ጥሩ ነበር። ጠይቃችሁ ዝም በሉ አልኳቸው። ዝም ስትሉ የምትፈሩት ምንድነው ብዬ ጠየቅኳቸውና ጠበቅኩ። አንዷ «መልሱ እኔ የማልፈልገው እንዳይሆን» አለች። የቀሩት ሳቁ። ጥሩ መልስ ነው አልኩና ወደ ሌላ ነጥብ አለፍኩ።

ነሐሴ 16፣ ቅዳሜ

ልክ ልኬን ልጻፈው። ፈርቻለሁ። ስለ ሐኪሙ አይደለም። ከክፍል ስመለስ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ መስኮታችን ላይ መብራት አያለሁ። እናቴ ካረፈች ጀምሮ አይቼዋለሁ፣ ከዚያም በፊት አይቼዋለሁ። ጨለማ ቤት ቁልፍ ከፍቼ ገብቼ አላውቅም። ይህን ለወንድሜ እንዴት ብዬ ነው የምነግረው? ሆድ ይፍጀው።

ዛሬም ሁለት ዙር አደረግን። ጥርት አድርጎ ይለዋል።

ነሐሴ 23፣ ቅዳሜ

ወንድሜ መጣ። ወፍሯል። አባዬን አቅፎ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ በልተን፣ ስለ መንገዱ ተጫውተን፣ ሻይ ቀረበ። ወንድሜ ወንበሩን ስቦ አባዬ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እኔ ሰሃን አነሳ ነበር፤ «ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ንገረኝ፣ የማንንም ፊት አትይ። የት መኖር ትፈልጋለህ?»

«እዚህ።»

ወዲያው ነው ያለው። ወንድሜ ጥያቄውን ሳይጨርስ ማለት ይቻላል። ጥርት ያለ፣ ያልተሰበረ ቃል። እጁን አየሁ፤ ጉልበቱ ላይ ዝም ብላ ተኝታለች።

የወንድሜ ዓይን እንባ አቀረረ። ተነስቶ ትከሻዬን ያዘኝ። «በቃ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ። «እውነትም ታውቂዋለሽ።»

ምንም አይደለም አልኩት። ሰሃኖቹን አጠብኩ። የታጠቡትንም ደግሜ አጠብኩ።

የፈለግኩት ሆኗል። ታዲያ ለምንድነው እጁን ደጋግሜ የማስበው? አባዬ ዛሬ ዳቦ ለማለት እንኳ እጁን ስንቴ አመላልሷል። የራሱ የሆነ ቃል ያለ እጁ ወጥቶ አያውቅም። ነርሷን አንቺ ያስቀመጥሽውን አንቺው ነሽ ያነሳሽው ያልኳት እኔ ነኝ። ክፍሉ በሙሉ ጽፎታል።

ነሐሴ 24፣ እሑድ

ጠዋት ወንድሜ ከምሳ በፊት እወጣለሁ ብሎ መኪናውን ነዳጅ ሊያስሞላ ሄደ። ካርቶኑን ቀዳድጄ ጣልኩት። ለአባዬ ሻይ ቀዳሁለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ የት መኖር ትፈልጋለህ?»

«እዚህ።» እጁ አልተንቀሳቀሰችም።

«እሱን አፍህ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ተወው። የአንተን ንገረኝ፤ አላቋርጥህም።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። የሚያምነኝ አይመስልም ነበር፤ ቢያምነኝ ነበር የሚገርመው። ከዚያ እጁ ተነሳች።

«ል...»

ልተኛ፣ ልጠጣ፣ ልውጣ፣ ልቀመጥ። ሁሉም ምላሴ ላይ ተሰልፈው መጡ። ዋጥኳቸው።

«ልሂድ።»

እዚህ ላይ አቃተኝ። «ወደ መኝታህ?» አልኩት። መኝታ አለመሆኑን አውቃለሁ። ያወቅኩት ከእሱ በፊት ነው። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀና እጁ እንደገና ጀመረች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ስለቅም እሱ እንደገና ከመነሻው ተነሳ።

«ልጆቹ... ጋ።»

ማዶ ሰው መኪና ያጥባል፤ የባልዲው ድምፅ ይሰማል። አባዬ አልጨረሰም ነበር። ፊቴን እያየ፣ እጁን እያመላለሰ ቆየ፤ ሻዩ በረደ።

«አንቺ...»

ምንም አላልኩም።

«አንቺ ትቸኩያለሽ።»

ቁጣ የለበትም። ዛሬ ዝናብ አለ እንደሚል ሰው ነው ያለው። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ አፍንጫዬ እስኪዘጋ አለቀስኩ። እሱ እጄን ይዞ ዝም አለ። እኔ ብሆን አይዞህ አይዞህ እያልኩ እንባውን እንኳ አስቋርጠው ነበር።

ወንድሜ ቁልፉን እያሽከረከረ ገባ። «ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«አባዬ የሚነግርህ አለ።»

«ምን አለ?»

አፌ ላይ ነበር። ተዘጋጅቶ፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሆኖ። «ራሱ ይንገርህ» አልኩት።

አባዬ ጀመረ። እጁ ተንቀሳቀሰች። ወንድሜ ጎንበስ አለለት። «ውሃ? መድኃኒትህን? ብስኩት ነው የ...»

«ዝም በል!» አልኩት። ወንድሜ ላይ ጮኬ አላውቅም፤ ታላቄ ነው። «ጠብቀው። እሱ ይጨርስ።»

ጠበቅን። ሁለታችንም ቆመን፣ እንደ ተማሪ። አባዬ ቃሉን አንድ በአንድ አወጣው። ወንድሜ ከእሱ ወደ እኔ ዞረ፤ ትናንት የሰማውንና ዛሬ የሰማውን ሲያገናኝ ታየኝ።

«ትናንት እኮ...»

«ትናንት የተናገረው የእኔን ነው» አልኩት።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብሎ የአባዬን ልብስ ሊያጥፍ ገባ፤ እኔም ገብቼ ረዳሁት። ሸሚዝ ማጠፍ አይችልም።

ከምሳ በኋላ ሄዱ። አባዬ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀበቶውን ራሱ አሰረ። ወንድሜ ማርሽ ሲያስገባ ድምፅ አወጣበት፤ አባዬ ፊቱን አጨማደደና እጁን የወንድሜ እጅ ላይ ጭኖ በትክክል አስገባለት። እኔን ለማየት የዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

ነሐሴ 25፣ ሰኞ

ክፍል አለኝ። መብራቱን አብርቼ ወጣሁ።

ነሐሴ 28፣ ሐሙስ

ስመለስ ስልኩ ይጮህ ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ አነሳሁት።

«ሄሎ» አልኩ። መልስ የለም። ትንፋሽ ይሰማል። ትንፋሹን አወቅኩት። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ አይደል፣ ልጆቹ አስቸገሩህ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ፣ በረደህ፤ ይህ ሁሉ መጣብኝ። ግድግዳው ላይ ተደግፌ መሬት ተቀመጥኩ።

«ራ...»

ዝም አልኩ።

«ራት... በላሽ?»

ከታመመ ጀምሮ እኔን አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ጊዜ የሰጠሁትም አይመስለኝም። በልቻለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ። ቃል አልወጣ አለኝ። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ እንዲሁ ቀረሁ።

ከማዶ የሚጢጢ ድምፅ ተሰማኝ። «አባባ፣ ዘጋችው እንዴ?»

«ቆዪ» አላት።

አልበላሁም ነበር። ይህን እስክነግረው ድረስ ስልኩን ይዞ ጠበቀኝ።